የጎንደር ብራና ከምን ቆዳ ነው?

አንድ የብራና መጽሐፍ ሲገለጥልን ዐይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በፊደሉና በሥዕሉ ላይ ነው። የታሪክ ተማሪ የንጉሡን ስም ይፈልጋል፤ የቋንቋ ተማሪ ግእዙን ይመረምራል፤ ሥዕል የሚወድ የመላእክቱን ዐይን ያያል። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት ፍየል ነበረ። ገበታው ወይራ ወይም ዋንዛ ነበረ፤ የተሰፋበት ጅማት ከእንስሳ የወጣ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ጥላሸት ነው፤ የተጻፈበትም ብዕር መቃ ነው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ዳዊት በእጁ የያዘ ሰው የአንድ አገር መንጋና የአንድ አገር ጫካ ቁራጭ ይዟል ማለት ነው። ይህን ነገር አንድ ሙያ ብቻውን ሊያነብበው እንዴት እንደማይችል፣ ሙያዎቹም ሲገናኙ ማን መቅደም እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ አራት ነን፤ አንዳችን ታሪክ፣ አንዳችን ኬሚስትሪ፣ አንዳችን ሥነ ሕይወት፣ አንዳችንም የእንስሳት ሕክምና እንማራለን። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን በወገራ በኩል ወጥተን፣ ዛሬም ብራና እየፋቁ መጽሐፍ ከሚጽፉ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን የኔታ እያልን ብቻ እንጠራቸዋለን።

የመጀመሪያው ችግር የቃል ነበር። በመጽሐፍ ሙያ ገበታ የሚባለው ጥራዙን ከፊትና ከኋላ የሚይዘው ሳንቃ ነው። የኬሚስትሪው ጓደኛችን ይህን ሳያውቅ «ገበታው የት አለ?» ብሎ የቤቱን ሰዎች ቢጠይቅ የራበው መስሏቸው እንጀራ አቀረቡለት። እርሱም አላፈረም፤ በላ። ነገሩ ቢያስቅም አራታችንም በማስታወሻችን ላይ አንዱን ነገር በአራት ስም መዝግበን እንደ ነበረ ያወቅነው በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የኔታ የሚሉትን ስም ሁላችንም እንድንጽፍ ተስማማን።

የኔታ ብራና ሲሠሩ ቆዳው በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ተወጥሮ የሥጋው ወገን በቢላዋ ይፋቃል፤ በውኃና በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፤ በፀሐይ ይደርቃል። ቀጥሎ የጠጉሩ ወገን ይፋቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ኖራ የሚባል ነገር አይገባም። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ለኬሚስትሪ ሰው ግን ትልቅ ናት። በአውሮፓ ብራና የሚሠራ ሰው ጠጉሩ እንዲለቅና ስቡ እንዲወጣ ቆዳውን በኖራ ውኃ ውስጥ ያቆየዋል፤ ስለዚህ በዚያ አገር ብራና ውስጥ ካልሲየም መገኘቱ የታወቀ ነው። የአውሮፓን ብራና መለኪያ አድርጎ የጎንደርን ብራና የሚመረምር ሰው ኖራ ባጣ ጊዜ ሥራው የጎደለ ሊመስለው ይችላል፤ ወይም ካልሲየም ባገኘ ጊዜ ከግድግዳ ምርጊት የመጣውን አቧራ የሠሪው ብልሃት ያደርገዋል። ይህን ስሕተት የሚያርመው ሌላ መሣሪያ ሳይሆን ብራና ሲፋቅ ያየ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናውን ጥያቄ አቀረብን፤ «ይህ ቅጠል የፍየል ነው ወይስ የበግ?» የኔታ ቅጠሉን በአውራ ጣታቸው አሸት አድርገው ወዲያው «የፍየል ነው» አሉ። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው የበግ ቆዳ ስብ እንዳለበት፣ ቀለም አልቀበልም እንደሚል፣ ሲፋቅም ሽፋኑ እንደሚላጥ ነገሩን።

ሳይንስም በሌላ መንገድ ሄዶ ከዚሁ ቦታ ይደርሳል። ቆዳን ቆዳ ያደረገው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሦስት ክሮች እንደ ቡሄ ጅራፍ ተገምደው የሚሠሩት ነው። የክሩ አሠራር በፍየልና በበግ መካከል በጣም ይቀራረባል፤ ይሁን እንጂ በአንዳንድ ቦታ ጥቂት ልዩነት አለ። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ብራናው ሳይቆረጥ ልዩነቱን ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። የሚያስፈልገው ተራ የፕላስቲክ ላጲስ ነው። ላጲሱ በባዶው ጠርዝ ላይ በቀስታ ሲታሽ ፍርፋሪው ጥቂት ኮላጅን ይዞ ይነሣል፤ ፍርፋሪው ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ፕሮቲኑ በኤንዛይም ይቆራረጣል፤ የቁርጥራጮቹም ክብደት ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባለው መሣሪያ ይለካል። የክብደቱ ዝርዝር እንስሳውን ይናገራል።

በዚሁ ዘዴ በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ከ600 በላይ የእንግሊዝ የሕግ ሰነድ ቅጠሎችን መርምሮ ከሞላ ጎደል ሁሉም የበግ መሆናቸውን አገኘ። የበግ ብራና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሌላም ምክንያት ተሰጥቶታል። ውሉን ለመለወጥ ፊደል የሚፍቅ ሰው ቢኖር ሽፋኑ ስለሚላጥ ተንኰሉ ይታወቅበታል። ይህን ለየኔታ ብንነግራቸው ሳቁና «እኛ የምንሸሸውን እነርሱ ወደዱት» አሉ። በእኛ አስተያየት የተሻለው የሙያዎች መገናኛ እንደዚህ ያለው ነው፤ አንዱ የሌላውን አስረጅ የሚሆንበት።

ይህን ካልን በኋላ የኔታ በያዙት አሮጌ መጽሐፍ ላይ ላጲሱን እንድናሽ ፈቃድ ጠየቅን። አልፈቀዱም።

በመጀመሪያ ቅር ብሎን ነበር። ዳሩ ግን በጎንደር ለቅርስ ጠባቂ መጠራጠር ከታሪክ የተገኘ ትምህርት እንጂ ግትርነት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አስሰብስበው ወደ መቅደላ ካስወሰዷቸው መጻሕፍት ብዙዎቹን የእንግሊዝ ጦር በ1868 ይዞ ሄደ፤ 350 ያህል የመቅደላ መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ (1667–1682) ያሠሩት የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሥዕሎቹን ያጣው በ1932 ነው። ሥዕሎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው የተለጠፉ ነበሩ፤ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ጨርቁን ከግድግዳው አላቅቆ ወሰደና በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ የሣለውን ቅጅ አስቀመጠ። እውነተኛዎቹ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም አሉ። ያም ጓድ «ለጥናት ነው» ብሎ ነበር የመጣው። ጨርቁ በአገር ውስጥ የተፈተለ ጥጥ ነው ወይስ በነጋዴ የመጣ? ማጣበቂያው የእህል ዱቄት ነው ወይስ ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ? ሰማያዊው ቀለም ከዕፅዋት ነው ወይስ ከማዕድን? እነዚህ ሁሉ መልካም ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን ጨርቁ ፓሪስ፣ ግድግዳው ጎንደር ሆኖ የሚጠየቁ ሆነዋል።

የኔታ ለመከልከል ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ እርሱም ሙያዊ ነው። የጥላሸት ቀለም ወደ ቆዳው ጠልቆ አይገባም፤ በላዩ ላይ ይቀመጣል። ሻካራ ነገር ከነካው ይነሣል። ይህንንም በዐይናችን አየን። አንድ በጎ አሳቢ የተቀደደ ቅጠል ለመጠገን ብሎ በሚያጣብቅ ፕላስቲክ ለጥፎት ነበር፤ ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኖ ሲላጥ ሁለት መስመር ፊደል ይዞ ተነሣ። ላጲስ የት ሊታሽ እንደሚቻል፣ የት እንደማይቻል የሚያውቀው እንግዲህ ጸሐፊው ነው።

ስለ ዘመን መለኪያም አንድ ነገር መናገር ይገባናል፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ስለ ሆነ። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን ወንጌሎች ሊቃውንት በመልካቸው ብቻ አይተው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ያደርጓቸው ነበር። ከብራናው ጥቃቅን ቁርጥራጭ ተወስዶ ካርቦን 14 ሲለካ ግን በ330 እና በ650 መካከል ዋለ። ይህን የሰማ ሁሉ «የጎንደርም መጻሕፍት ይለኩ» ይላል። ነገር ግን ከ1650 ገደማ ወዲህ እስከ 1950 ድረስ በአየሩ ውስጥ የነበረው የካርቦን 14 መጠን ከፍ ዝቅ ሲል ስለ ኖረ፣ የዚህ ጊዜ ቆዳ ቢለካ አንዱ ልኬት ብዙ ዘመናትን አንድ ላይ ይሰጣል። አፄ ፋሲል ከተማቸውን በጎንደር የቆረቆሩት በ1636 ነው፤ የጎንደር ዘመን የምንለው ከሞላ ጎደል በዚሁ ክፉ ስፍራ ላይ ወድቋል። ከዚህም ሌላ ልኬቱ የሚናገረው ፍየሉ የሞተበትን ዘመን እንጂ ጸሐፊው ብዕሩን ያነሣበትን አይደለም።

ስለዚህ የጎንደርን ዳዊት ለዚህ ልኬት መቁረጥ በከንቱ መቁረጥ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው የታሪክ ተማሪ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ የንጉሡንና የጳጳሱን ስም፣ የእጅ ጽሕፈቱንም ዐይነት አይቶ ይቀርባል። እርሱም ቢሆን ብቻውን አይተማመንም፤ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም ይገባበታልና። የኔታ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ብርሃን በጎን ሲያበሩበት የተፋቀው ቦታ ጎድጎድ ብሎ ታየን። የታሪኩ ጓደኛችን ሦስት ጊዜ አንብቦት ያላየው ነበር።

ብራና ሌላም ነገር ይይዛል። በዮርክ ከተማ አንድ ሺህ ዓመት ያህል የሆነው የወንጌል መጽሐፍ አለ። በ2017 በታተመው ጥናት ከላጲሱ ፍርፋሪ የቆዳው የከብት ዲ.ኤን.ኤ. ብቻ ሳይሆን የሰውም፣ በሰው ቆዳና አፍ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ተገኙ፤ ይልቁንም ካህናት ሲሾሙ በሚምሉባቸውና በሚሳለሟቸው ቅጠሎች ላይ በረከቱ። በእኛ አገር ወንጌል በቅዳሴ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚሳለመው አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ የአንድ ደብር ወንጌል የምእመናኑን አሻራ ሳይቀር ይዞ ይኖራል ብሎ መጠበቅ ይቻላል፤ ከዚያም የማን ነው፣ ለማንስ ይነገራል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይህን ጥያቄ ላቦራቶሪው አይፈታውም።

ጎንደር ለዚህ ሥራ ያላት ነገር ጥቂት አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ የሚያበቅል ላቦራቶሪ፣ የእንስሳት ሕክምና ትምህርትም አለው። የአየሩ ልዩነት ራሱ ትምህርት ቤት ነው፤ ብርዳማው የወገራና የስሜን ደጋ ብልን ሲያዘገየው፣ በጣና ዳር እንደ ጎርጎራ ባለው ቦታ የአየሩ እርጥበት ከፍ ሲል ሻጋታ ይፈጥናል፤ ብራናውም ውኃ ከአየሩ እየሳበ ያብጣል። የገበታን እንጨት ለመለየት ማመሳከሪያ የሚፈልግ ሰውም ሩቅ አይሄድም፤ ወይራውና ጥዱ በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ቆመዋል።

ወደ የኔታ እንመለስ። በሦስተኛው ቀን እርሳቸው በተራቸው ጠየቁን። «ልጆቼ፣ እናንተ ስለ አሮጌው ቆዳ ጠየቃችሁኝ። የዛሬው ቆዳ ለምን ነጠብጣብ ይሆናል? በጠጉሩ ሳለ ጤነኛ ይመስላል፤ ስፍቀው ግን ጉብ ጉብ ያለ ይወጣል፤ ቀለምም በደንብ አይዝም» አሉ። ከሦስታችን መልስ አልተገኘም። የእንስሳት ሕክምናው ጓደኛችን ግን ወዲያው ዐወቀው። የቆዳ ፋብሪካዎች እከክ የሚሉት በሽታ ነው፤ በበግና በፍየል ጠጉር ሥር የሚኖሩ ቅማልና ደም የሚመጥ ክንፍ የለሽ ዝንብ ቆዳውን ሲያስቆጡት ይመጣል፤ ጠጉሩ እስኪወርድ ድረስም አይታይም። መድኃኒት አለው፤ ሆኖም አንድ ሰው ለብቻው ቢያክም ከጎረቤት መንጋ ይመለሳል፤ ስለዚህ የመንደሩ በግና ፍየል ሁሉ ባንድ ጊዜ መታከም አለበት።

የኔታ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም «ነጠብጣቡ በአባቶቻችን ብራና ላይ ኖሮ እንደ ሆነ እኔም ማየት እፈልጋለሁ። መድኃኒቱን ይዛችሁ ስትመጡ መጽሐፉን እገልጥላችኋለሁ፤ ላጲሱንም የማሸው እኔ ነኝ» አሉን። ለጥቅምት ቀጠሮ ይዘናል።