ሰፋሪዎቹ ሄዱ፣ አሳማዎቹ ቀሩ

ከኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት 465 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቀው የሚገኙት የኦክላንድ ደሴቶች ዛሬ ነዋሪ የላቸውም። ይህን የሰማ ሁሉ የሰው እጅ ያልነካው ምድር ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ታሪካቸው የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። ሰው ደጋግሞ መጥቷል፣ ደጋግሞም ተሸንፎ ሄዷል። በመሆኑም «እንዳሉ እንተዋቸው» የሚለው ሐሳብ ለተፈጥሮ ያሰበ ቢመስልም፣ ደሴቶቹን ለቀደመ የሰው ጥፋት አሳልፎ የሚሰጥ ነው።

ቀድመው የደረሱት ፖሊኔዥያውያን ሲሆኑ፣ የጥንት ምድጃዎቻቸው ቅሪት ከእነዚሁ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በእንደርቢ ደሴት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1806 ደሴቶቹን ያየው የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ አዛዥ አብርሃም ብሪስቶው፣ በዓመቱ ተመልሶ አሳማ ለቀቀባቸው። በ1842 ከቻተም ደሴቶች የተነሡ ማኦሪዎች በባርነት የያዟቸውን ሞሪኦሪዎች አስከትለው ሰፈሩ። በ1849 ደግሞ ቻርልስ እንደርቢ የተባለ እንግሊዛዊ ሃርድዊክ የተሰኘች መንደር ቆረቆረ። ሰፋሪዎቹ ለም መሬትና የዓሣ ነባሪ ሀብት ይጠብቀናል ብለው ነበር የመጡት። የጠበቃቸው ኮምጣጣ ረግረጋማ አፈር፣ ፋታ የማይሰጥ ነፋስና ዝናብ ነው። ዓሣ ነባሪውም እንደታሰበው አልተገኘም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ መንደሯ ተዘጋች፤ ማኦሪዎቹም በ1856 ለቀው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወደው አልመጡም። ከአውስትራሊያ ወደ አውሮፓ የሚጓዙ የሸራ መርከቦች መንገድ በዚያ ስለሚያልፍ ብዙዎቹ ከገደሎቹ ጋር ተላትመዋል። በ1864 «ኢንቨርኮልድ» ስትሰበር 19 ሰዎች የብስ ቢረግጡም በሕይወት የተገኙት 3 ብቻ ናቸው። የኒውዚላንድ መንግሥትም እንዲህ ላሉ ሰዎች ምግብና ልብስ ያለባቸው ጎጆዎች አቆመ፤ ለምግብ የሚሆኑ እንስሳትም ተለቀቁ። ስለዚህ «እንስሳቱ የተለቀቁት ለርኅራኄ ነው» የሚል ሰው እውነት አለው፤ የዚያን ዘመን ሰዎች መውቀስ አይገባም። ነገር ግን የሸራ መርከብ ዘመን አልፏል፣ የሚራብ መርከበኛም የለም። አሳማዎቹ ግን አሁንም ዋናውን ደሴት ይቆፍራሉ፣ መሬት ላይ የሚፈለፈሉ ወፎችን እንቁላልና ጫጩት ይበላሉ። ድመትና አይጥም አብረዋቸው አሉ።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዲስአፖይንትመንት በተባለችው ጎረቤት ደሴት አሳማም ድመትም ስለሌለ አልባትሮሶች በብዙ ሺህ ይፈለፈሉባታል። እንደርቢ ደሴት ደግሞ ቀንድ ከብትና ጥንቸል ሲያራቁቷት ኖረው፣ የባሕር አንበሳ ግልገሎችም በጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ እየወደቁ ይሞቱ ነበር። በ1993 ሁለቱም ከጠፉላት ወዲህ ትልልቅ ቅጠል ያላቸው ባለ አበባ ዕፅዋቷ አገግመዋል።

አሳማዎቹን ከዋናው ደሴት ማጥፋትን በመቃወም ከሚነሡት ሐሳቦች ሁሉ የሚከብደው ርኅራኄን የሚጠራው ነው፤ አሳማው በፈቃዱ አልመጣም፣ ታዲያ ስለምን ይገደላል? በእርግጥ አሳማው ጥፋተኛ አይደለም። ሆኖም እጃችንን ስንሰበስብም ሞት አይቀርም፤ የሚሞተው ሌላ ቦታ መፈልፈያ የሌለው ወፍ ይሆናል። ዝርያው ይጠፋል የሚለው ስጋትም መልስ አግኝቷል። በ1999 ጥቂት አሳማዎች ወደ ኒውዚላንድ ተወስደው ተራብተዋል። ለብዙ ዘመን ተነጥለው በመኖራቸው ከብዙ ቫይረሶች ነፃ ሆነው ስለተገኙም፣ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳታቸውን ለስኳር ሕሙማን ለማዛወር በሚደረግ ምርምር ላይ ውለዋል።

የሚቀረው የአቅም ጥያቄ ነው። ኒውዚላንድ አንቲፖደስ በተባለችው ደሴት አይጥን ጨርሳ ማጥፋቷን በ2018 አረጋግጣለች። ዋናው የኦክላንድ ደሴት ግን ከእርሷ ከሃያ እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ ተራራማም ነው። ሥራው ዓመታትንና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ በዘገየ ቁጥር ደግሞ ወፎቹ የሚፈለፈሉበት ቦታ አሳማ የማይወጣው ገደል ብቻ እየሆነ ይሄዳል።