ለተፎካካሪው የለመነው ፎርድ

የጄቱን ታሪክ ሳትሰሙት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የጀነራል ሞተርስ፣ የፎርድና የክራይስለር ዋና ሥራ አስፈፃሚዎች ከዲትሮይት ወደ ዋሽንግተን ሄዱ። የሄዱት በየድርጅታቸው የግል ጄት ነው። ጉዳያቸው ደግሞ መንግሥትን 25 ቢሊዮን ዶላር ብድር መጠየቅ! አንድ የምክር ቤት አባል ጄቱን ሸጦ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ለመመለስ ያሰበ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቃቸው። አንድም እጅ አልወጣም። በሁለት ሳምንታቸው በመኪና እየነዱ ተመለሱ። የሚፈልጉት ብር ግን 34 ቢሊዮን ደርሶ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ እያለን ይሄ ታሪክ ሲነሳ ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እኔም ከ«ይክሰሩ!» ባዮቹ ወገን ነበርኩ። ክርክሬም ቀላል ነበር፤ ጀነራል ሞተርስ በ2007 ብቻ 38.7 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል። ይሄ እንግዲህ ሌማን ብራዘርስ ወድቆ ዓለም ከመደናገጡ በፊት ነው። ነዳጅ የሚጨርሱ ትልልቅ መኪኖች ላይ ተማምነው ተቀመጡ፣ በ2008 ክረምት አንድ ጋሎን ቤንዚን ከ4 ዶላር ሲያልፍ ገዢው ጥሏቸው ሄደ። ያጠፋ ሁሉ በግብር ከፋይ ገንዘብ የሚድን ከሆነ ነገም ማጥፋቱ አይቀርም። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ «ሞራል ሃዛርድ» የሚለውን ቃል ታስታውሳላችሁ፤ ፈተና ላይ የማይቀር ነገር ነው።

አሁንም ክርክሩ ስህተት ነው አልልም። ግን ያላየሁት ነገር ነበር፤ እሱም ፎርድ ነው።

ፎርድ በ2006 ገበያው ሳይበላሽ 23.6 ቢሊዮን ዶላር ተበድሮ ነበር። ለዚህም ፋብሪካዎቹን፣ የፈጠራ መብቶቹን፣ ያንን ሰማያዊ አርማውን ሳይቀር አስይዟል። ስለዚህ በ2008 ሌሎቹ ካዝናቸው ሲራቆት እሱ የሚንቀሳቀስበት ገንዘብ ነበረው። በመጽሐፉ ስሌት ከሄድን ተፎካካሪዎቹ ሲሞቱ ገበያውን ወርሶ መደሰት ነበረበት። የፎርዱ አለን ሙላሊ ግን ከሁለቱ ጎን ተቀምጦ አድኗቸው ሲል ለመነ።

ለምን? በመለዋወጫ አቅራቢዎች የተነሳ። ወንበር፣ ፍሬን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠሩት ድርጅቶች አብዛኞቹ ለሦስቱም የሚሸጡ ናቸው። ጀነራል ሞተርስ ሳይከፍላቸው ቢዘጋ ወንበር ሠሪው ይከስራል፤ ወንበር ሠሪው ሲከስር የፎርድ ፋብሪካም ይቆማል። ፋብሪካዎቹ ዕቃ በመጋዘን አያከማቹም፣ በየሰዓቱ ነው የሚቀበሉት። ወንበር የሌለው መኪና ደግሞ አይሸጥም። አሜሪካ ውስጥ ያሉት የቶዮታና የሆንዳ ፋብሪካዎችም ከዚሁ ሰንሰለት ይገዛሉ። ሰፈራችሁ ውስጥ ሁለት ሱቆች ከአንድ ጅምላ ነጋዴ ይረከባሉ እንበል። ትልቁ ሱቅ ዕዳውን ሳይከፍል ጠፍቶ ጅምላ ነጋዴው ቢወድቅ፣ ትንሹም ሱቅ ባዶ መደርደሪያ ታቅፎ ይቀራል።

«ታዲያ በፍርድ ቤት ከስረው አይደራጁም?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። በአሜሪካ ሕግ መክሰር መዘጋት ማለት አይደለም። ግን በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ሆኖ ለመሥራትም ደመወዝና ዕቃ መክፈያ የሚያበድር ያስፈልጋል። በዚያ ሰሞን ባንኮቹ ራሳቸው የሚያድናቸው ይፈልጉ ነበር፤ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው።

ሴኔቱ ዲሴምበር 11 ሕጉን አከሸፈው። ከስምንት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ቡሽ ለባንኮች ማዳኛ ከተመደበው ላይ 17.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀዱ። ኦባማ ሲመጡ የጀነራል ሞተርሱን ሪክ ዋጎነርን ከሥልጣን አስነሱ፣ ከዚያም ሁለቱ ድርጅቶች በመንግሥት ገንዘብ ተደግፈው ፍርድ ቤት ገቡ። ክራይስለር በኤፕሪል መጨረሻ፣ ጀነራል ሞተርስ ጁን 1 ቀን 2009። የሚገርመው ጀነራል ሞተርስ በ40 ቀን ገደማ ወጣ። ፖንቲያክ፣ ሳተርንና ሀመር ግን ቀሩ።

ሂሳቡ እንዴት ሆነ? ለጀነራል ሞተርስ ከገባው 49.5 ቢሊዮን ዶላር፣ መንግሥት የመጨረሻውን አክሲዮን በ2013 ሲሸጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ አልተመለሰም። የድሮ ባለአክሲዮኖችም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሰንሰለቱ ግን አልተበጠሰም፣ ለዚህም ነው «ይክሰሩ» የሚለውን የተውኩት።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የቀድሞ ሠራተኛ በሰዓት 28 ዶላር ገደማ ሲያገኝ አዲስ የሚቀጠረው በ14 እንዲገባ ሆነ። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ቆመው አንድ ዓይነት ብሎን ያጠብቃሉ፣ ልዩነታቸው የተቀጠሩበት ዓመት ነው። ማኅበራቸው ሁለቱ ድርጅቶች ላይ እስከ 2015 አድማ ላለመምታት ተስማማ። ትልልቅ መኪና እንዲሠራ የወሰነው ያ በ14 ዶላር የገባው ልጅ አይደለም፤ ጄትም አልነበረውም። ውሳኔው ሲተላለፍ ምናልባት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

በሴፕቴምበር 2023 የመኪና ሠራተኞቹ ማኅበር በሦስቱም ላይ በአንድ ጊዜ አድማ መታ፤ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። ከዋና ጥያቄዎቹ አንዱ ይሄ የደመወዝ እርከን እንዲቀር ነበር። ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶ ስምምነት ላይ ሲደረስ አብዛኛው እርከን ተነሳ። ከማዳኛው ብድር 15 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።