የጦር ትምህርት ቤት ጥሪ እስኪደርስ

ልጁን ለጦር መኰንንነት የሚያስብ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ትዕግሥትን ሊማር ይገባዋል። በአሜሪካ አገር በ1802 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተቋቋመው የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት የሚቀበላቸውን ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን አይጠራም።

ምክንያቱም የትምህርት ብልጫ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። አመልካቹ ከምክር ቤት አባል ወይም ሕግ ከፈቀደለት ሌላ ባለሥልጣን ዕጩነት ማግኘት፥ በሐኪም መመርመር፥ በሰውነቱም ብርታት መፈተን አለበት። በአንድ የምክር ቤት አባል ስም በአንድ ጊዜ የሚማሩት ከ5 አይበልጡምና፥ ጐበዙም ልጅ ከባልንጀሮቹ ጋራ ይመዘናል።

እጅግ ብልጫ ላሳየ ልጅ አስቀድሞ የተስፋ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ነገር ግን ዕጩነቱና የሐኪሙ ምስክር ካልተሟላ ተስፋው አይጸናም። የሌሎቹ ጉዳይ ማኅደራቸው በተሟላ ጊዜ በየተራው እየታየ እስከ ኤፕሪል ወር ይዘልቃል።

እንግዲህ የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ቢጠራ፥ ወላጅ «ልጄ ተጣለ» ብሎ አይዘን፤ ልጁንም አያስጨንቀው። ይልቁንስ ማኅደሩ አለመጉደሉን ይመርምር፤ ለሌላም ትምህርት ቤት ያመልክት። የተጠራው ልጅ 4 ዓመት ተምሮ በጦር ሠራዊት ቢያንስ 5 ዓመት የማገልገል ግዴታ አለበትና፥ የመጠበቂያው ጊዜ ልቡን ለመመርመር ይጠቅመዋል።