ሕመሙን በብልጭታ የሚናገር ኮምፒዩተር

በ1982 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበው ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒዩተር ዛሬ ሲበራ የተያያዘበት ቴሌቪዥን ጥቁር ሆኖ ቢቀር፣ ብዙዎች ቺፖቹን በግምት ይነቅላሉ፤ ደኅናውም ከተበላሸው ጋር ይጠፋል።

እኛ የምንመርጠው «ዴድ ቴስት» የተባለውን ካርትሪጅ ነው። በውስጡ ያለው ሮም የማሽኑን መነሻ ፕሮግራም ስፍራ ይዞ፣ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ስምንት የሆኑትን የማስታወሻ ቺፖች ይመረምራል። ከነርሱ አንዱ ከታመመ የቴሌቪዥኑ መስኮት ብልጭ ድርግም ይላል፤ የብልጭታው ቁጥርም የትኛው እንደ ሆነ ያመለክታል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ፕሮሰሰሩ ራሱ ከሞተ ግን ካርትሪጁም ዝም ይላል።

አዲሱ ቺፕ ከመበየዱ በፊት ኃይል ሰጪውን ሣጥን በቮልት መለኪያ መፈተሽ ይገባል። 5 ቮልት መስጠት የነበረበት አሮጌ ሣጥን ሲበላሽ ከልክ በላይ እየሰጠ ቺፖችን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ አዲሱም በማግሥቱ ይከተላቸዋል።