አሮጌ ቤት ከማፍረስ በፊት ሊሠራ የሚገባው ስሌት

ሐሙሲት፦ በሐሙሲት፣ በወረታና በፎገራ ሜዳ ዙሪያ የጭቃ ቤቱን ለማደስ የተነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የአዲስ ቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ ነው። ኾኖም ማፍረስም የራሱ ወጪ አለው። ይህ ሳይታሰብ ሲቀር ጣሪያው ከወረደ በኋላ ገንዘቡ ያልቅና ግድግዳው ለዝናብ ይጋለጣል።

ስሌቱ በመለካት ይጀምራል። ወርዱ 6፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የኾነ ቤት ዙሪያው 28 ሜትር ነው። ቁመቱ 2 ነጥብ 5 ሜትር ቢኾን የውጭ ግድግዳው 70 ካሬ ሜትር ይኾናል፤ ለበርና ለመስኮት 5 ካሬ ሲቀነስ 65 ይቀራል። ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከኾነ ወደ 10 ሜትር ኩብ ይጠጋል። የፈረሰ ጭቃ ስለሚላላ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምርና 13 ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል። 4 ሜትር ኩብ ለሚጭን መኪና ይህ 4 ምልልስ ነው። የውስጥ ግድግዳ ካለ በዚሁ መንገድ ይደመራል።

ቀጥሎ ዋጋ ይወጣል። ለስሌት ያህል 5 ሠራተኞች 4 ቀን ቢሠሩና የቀን ምንዳው 500 ብር ቢኾን 10 ሺህ ብር ይኾናል። አንዱ ምልልስ 1 ሺህ 500 ብር ቢያስከፍል ለማጓጓዣ 6 ሺህ ብር ይወጣል። ለመጠባበቂያ 15 በመቶ ሲታከልበት ድምሩ 18 ሺህ 400 ብር ነው። አንባቢው በነዚህ ቁጥሮች ፋንታ የሰፈሩን ዋጋ ያስገባ።

ከዚህ የሚቀነስም አለ። ከ50 ቆርቆሮ 30ው ጤነኛ ኾኖ አንዱ 300 ብር ቢገመት 9 ሺህ ብር ነው። ምስጥ ያልነካው ወራጅና ቋሚ 2 ሺህ ብር ቢያወጣ የተጣራው ወጪ ወደ 7 ሺህ 400 ብር ይወርዳል። ስለዚህ «ቆርቆሮውንና እንጨቱን ውሰዱና በነፃ አፍርሱልኝ» ብሎ ከመስማማት በፊት የሚሰጠውን ከሚቀረው ወጪ ጋር ማነጻጸር ይገባል። አፈሩን ማን እንደሚያነሳም በውሉ ላይ ይስፈር። አሮጌው ቆርቆሮ የምስማር ቀዳዳ ስላለው ለዋናው ጣሪያ ሳይኾን ለማድቤት ወይም ለአጥር ይበጃል። ጭቃው ደግሞ በውኃ ርሶና ጭድ ተጨምሮበት ከተቦካ ለምርጊት ያገለግላል፤ ይህም የማጓጓዣ ወጪን ይቀንሳል።

ወቅቱም ዋጋ አለው። ክረምት ለማፍረስ አይመችም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ የሩዝ አጨዳ ስለኾነ የሰው ጉልበት ይወደዳል። አጨዳው ካለቀ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ይሻላሉ። የሜዳው ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በዚህ ምክንያት የተሰነጠቀ ግድግዳ መሠረቱ ካልተስተካከለ ቢታደስም ተመልሶ ይሰነጠቃል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የከተማ ነዋሪ ማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ኤሌክትሪኩን በባለሙያ ያስቋርጥ፤ የጋራ ግድግዳ ካለው ከጎረቤቱ ጋር ይነጋገር። ማፍረሱም ከላይ ወደ ታች ይኹን፤ መጀመሪያ ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ የጣሪያ እንጨት፣ በመጨረሻ ግድግዳ። ግድግዳውን ከሥር ቆፍሮ መጣል ፈጣን ቢመስልም የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።