ያገለገለ ቤዝ ጊታር፦ ዋጋው ያለው ድምፁ ላይ ነው ወይስ ቀለሙ ላይ?

የአንድ ፋብሪካ ሥራ የሆኑ፣ በአንድ ዓመት የተመረቱ ሁለት ፌንደር ቤዝ ጊታሮች በኒውዮርክ ወይም በናሽቪል አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል እንበል። እንጨታቸው አንድ ዓይነት ነው። ሙዚቀኛ አንስቶ ቢጫወትባቸው የአንዱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ መናገር ይቸግረዋል። ሆኖም በአንደኛው ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት 10 ሺህ ዶላር ሲል የሌላኛው 5 ሺህ ይላል። ምክንያቱ ሁለተኛው ጊታር ካለፉት 60 ዓመታት በአንዱ አዲስ ቀለም መቀባቱ ብቻ ነው። ቀቢው የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን፣ ሥራው ከፋብሪካው ቢያምርም እንኳ የጠፋውን ዋጋ አይመልሰውም። «እንደገና የተቀባ በግማሽ ይሄዳል» የሚለው አነጋገር በአሜሪካ የአሮጌ ጊታር ነጋዴዎች ዘንድ እንደ ሕግ የሚታይ ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ነገሩ እንግዳ ይመስላል። ቤዝ ጊታር የሥራ መሣሪያ ነው፤ የሥራ መሣሪያ ደግሞ ሲታደስ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይሁን እንጂ «ያገለገለ» በሚለው አንድ ስም ሥር ባሕርያቸው ጨርሶ የማይገናኝ ሦስት ሸቀጦች እንደሚሸጡ የተረዳ ሰው እንቆቅልሹ ይፈታለታል። የመጀመሪያው የድሮው ዘመን የፋብሪካ ቤዝ፣ ሁለተኛው በእጅ በትእዛዝ የተሠራ ውድ ቤዝ፣ ሦስተኛው አምፕሊፋየር ነው። ገንዘባቸውን የሚያጡ ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን ሒሳብ ለሌላው የሚጠቀሙ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ1965 ድንበር

ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ለገበያ ያቀረቡት በ1951 ነው። ጃዝ ቤዝ በ1960 ተከተለ። በጥር 1965 ኩባንያው በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሲቢኤስ ተሸጠ። ሲቢኤስ የብሮድካስት ድርጅት እንደመሆኑ ትኩረቱ ምርት ማብዛት ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የአሠራሩ ጥራት ወረደ የሚል እምነት በሙዚቀኞች ዘንድ ሥር ሰደደ። ሲቢኤስ በ1985 ኩባንያውን መልሶ ለሠራተኞቹ ቡድን ሲሸጥ ዋጋው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከ20 ዓመት በፊት ከከፈለው ያነሰ ማለት ነው። ገበያው ዛሬም ይህን ድንበር ያከብራል። «ከሲቢኤስ በፊት» የሚለው ሐረግ በማስታወቂያ ላይ ከሰፈረ ዋጋው ወዲያውኑ ይወጣል። በእርግጥ የ1965 መጨረሻ ሥራ ከ1964ቱ በምን እንደሚያንስ በጆሮ ለይቶ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ገዢ የሚከፍለው ለዓመቱ ነው።

ዓመቱ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ ዓመቱን ማስመሰልም አትራፊ ይሆናል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የገዛ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የፌንደር ቤዝ አንገት ከገላው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ በካቻቢቴ በአምስት ደቂቃ ይፈታል። ስለዚህ የአንዱን አንገት ለሌላው ገላ፣ የሦስተኛውን የብረት ሰሌዳ ለሁለቱም ማድረግ ይቻላል። ተከታታይ ቁጥሩ የታተመው ደግሞ በዚያው በሚፈታው ሰሌዳ ላይ በመሆኑ ቁጥሩ ብቻውን የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

ልምድ ያለው ገዢ ቁጥሩን አይቶ አይረካም፤ ጊታሩን ያስፈታል። በአንገቱ ጫፍ፣ ከገላው ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ በእርሳስ ወይም በማኅተም የተጻፈ ቀን ይፈለጋል። ቀጥሎ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ይነበባል። ለምሳሌ 3046542 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ 304 የአምራቹ የስታክፖል ኩባንያ መለያ፣ 65 ዓመቱ፣ 42 ደግሞ የዓመቱ 42ኛ ሳምንት ነው። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፌንደር በ1966 እነዚህን መቆጣጠሪያዎች በብዛት ገዝቶ ለተከታታይ ዓመታት ሲጠቀምባቸው ስለቆየ፣ ቁጥሩ የሚናገረው ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው። በሽቦዎቹ ላይ ያለው ስታኞ ተነክቶ እንደሆነም ይታያል፤ የአሮጌና የአዲስ ስታኞ መልክ ይለያያልና።

የቀለሙ ምርመራ የሚካሄደው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው ይጠቀምበት የነበረው ናይትሮሴሉሎስ ላከር ሲያረጅ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። በኋላ የተቀባ ወይም የተጠገነ ቦታ ካለ እንደ ልብስ መጣፊያ ለብቻው ይታያል። ሌላም ምልክት አለ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ገደማ ድረስ ገላው ሲቀባና ሲደርቅ በትናንሽ ምስማሮች ላይ ይቀመጥ ስለነበር የምስማሮቹ ቀዳዳ ከታች ቀርቷል። ቀዳዳዎቹ በቀለም ተደፍነው ከተገኙ፣ ወይም ጭራሽ ከሌሉ፣ ጥያቄ ይነሣል።

ይህ ሁሉ ምርመራ የሚበረታው በተለይ ባለ ልዩ ቀለም በሆኑት ላይ ነው። ፌንደር በዚያን ዘመን ለደንበኛ ትእዛዝ ይጠቀምባቸው የነበሩት ቀለሞች የዱፖንት የመኪና ቀለሞች ነበሩ። ደንበኛው ለልዩ ቀለም የሚጨምረው 5 በመቶ ያህል ነበር። ዛሬ ግን ትክክለኛ ሰማያዊ ወይም ቀይ ቀለም የያዘ የ1962 ጃዝ ቤዝ ከተለመደው ባለ ቡናማ ጥላ እጅግ በራቀ ዋጋ ይሸጣል። የመኪና ቀለም ማግኘት ደግሞ ለማንም አያቅትም።

ደንቡ የሚፈርሰው ትልቅ ስም ሲመጣ ነው። ጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 ጃዝ ቤዛቸውን ፍሬቶች ነቅለው አውጥተው ቦታውን ደፍነው አንገቱን በጀልባ ኢፖክሲ ለብጠውታል። ሌላ ሰው ቢያደርገው ዕቃው ተበላሸ ይባል ነበር። በእሳቸው እጅ ግን ያው ጊታር በዓለም ላይ ከሚታወቁት ቤዞች አንዱ ሆነ። በ2020 የቢል ዋይማን የ1969 ፌንደር መስታንግ ቤዝ በጨረታ 384 ሺህ ዶላር አውጥቷል። መስታንግ በፌንደር ቤዞች መካከል ርካሽ ከሚባሉት ወገን ነበር፤ የተከፈለው ለሮሊንግ ስቶንስ ስም ነው። ነጋዴ ከእንዲህ ዓይነቱ ዋጋ ተነሥቶ የራሱን ዕቃ መገመት የለበትም።

በትእዛዝ የተሠራው

ሁለተኛው ሸቀጥ ከዚህ ይለያል። በ1969 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው አሌምቢክ፣ በ1983 በብሩክሊን ሥራ የጀመረው ፎዴራና የመሳሰሉት አነስተኛ አምራቾች የሚሠሯቸው ቤዞች አዲስ ሲሆኑ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣሉ። ሥራቸው አያጠያይቅም፤ ብዙ ባለሙያ ሙዚቀኞች ይጠቀሙባቸዋል። ችግሩ ያለው ዳግም ሽያጩ ላይ ነው። ጊታሩ የተሠራው ለአንድ ሰው እጅ ነው። የአንገቱ ስፋት፣ የክሮቹ ብዛት፣ የእንጨቱ ምርጫ የመጀመሪያው ባለቤት ፍላጎት እንጂ የገበያው አይደለም። ባለ ስድስት ክር የሆነ፣ በባለቤቱ ምርጫ የተሸለመ ቤዝ በአንድ ከተማ ምናልባት አምስት ገዢ ቢኖረው ነው። አምስቱም ለመግዛት አይቸኩሉም። ስለዚህ ከሱቅ በወጣ ማግስት የዋጋውን ሢሶ ማጣት የተለመደ ነገር ነው።

ከዚህ የሚጠቀመው ሁለተኛው ገዢ ነው። ኪሳራውን የመጀመሪያው ባለቤት ስለከፈለ፣ ሁለተኛው ለጥቂት ዓመታት ተጫውቶበት በገዛበት አካባቢ ሊሸጠው ይችላል። አዲስ አዝዞ «ዋጋው ይጨምርልኛል» የሚል ሰው ግን ምናልባት የጥንቱን ፌንደር ታሪክ ሰምቶ ይሆናል።

አምፕሊፋየርና ኪሎ ግራም

በአምፕሊፋየር ገበያ ከስም ይልቅ ክብደት ይናገራል። አምፔግ በ1969 ያወጣው ኤስቪቲ 300 ዋት የሚሰጥ ባለ ቫልቭ ማሽን ሲሆን፣ ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ባደረጉት ጉዞ ስሙን አስጠራ። የላይኛው ክፍል ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከሥሩ የሚቀመጠው ባለ ስምንት ስፒከር ሳጥን ዛሬ የሚሠራው ከ60 ኪሎ ግራም ያልፋል። ሁለት ሰውና አንድ ፒክአፕ መኪና ከሌለ አይንቀሳቀስም።

ክላስ ዲ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ዘዴ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሲስፋፋ 500 ዋት የሚሰጥ፣ ከ3 ኪሎ ግራም የማይበልጥ አምፕ በትከሻ ቦርሳ መያዝ ተቻለ። የእነዚያ የከባዶቹ ገበያ ከዚያ ወዲህ ጠበበ። ድምፃቸውን የሚወድ ብዙ ነው፤ ደረጃ ላይ ተሸክሞ የሚወጣ ጥቂት ነው። ክብደቱ ለመላክም አያመችም፤ ለአንድ ሳጥን ማጓጓዣ የሚከፈለው ገንዘብ አንዳንዴ የሳጥኑን ዋጋ ይስተካከላል። በዚህ ምክንያት የትልልቅ አምፖች ገበያ ከከተማ ከተማ አይሻገርም። በአንድ ከተማ የተትረፈረፈው በሌላው ይጠፋል። ቤዝ ጊታር ግን በሳጥን ታሽጎ በአውሮፕላን ይሄዳል።

ከዚህ የተለየው በ1960 የወጣው አነስተኛው የአምፔግ ቢ 15 ነው። የዲትሮይቱ የሞታውን ዘመን ቤዝ ድምፅ ከእሱ ጋር ስለሚያያዝ ቀረጻ ስቱዲዮዎች ይፈልጉታል፤ ስቱዲዮ ደግሞ ዕቃውን ከቦታው አያንቀሳቅስም። በማንኛውም አሮጌ ባለ ቫልቭ አምፕ ላይ ገዢው ቫልቮቹና ኮንደንሰሮቹ መለወጣቸውን አይጠላም፤ እንዲያውም ለደኅንነት ይፈልገዋል። ትራንስፎርመሮቹ ከተለወጡ ግን ዋጋው ይወርዳል።

የደላላው ሒሳብ

በወረቀት ላይ የሚጻፈው ዋጋና ዕቃው በእርግጥ የሚሸጥበት ዋጋ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ከሚሸጥበት 60 በመቶ አካባቢ ይሰጣል። በ2013 በቺካጎ የተቋቋመውና ኤትሲ የተባለው ኩባንያ በ2019 በ275 ሚሊዮን ዶላር የገዛው፣ በ2025 ደግሞ ለሌሎች ያስተላለፈው ሪቨርብ የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭና ገዢን በኢንተርኔት ያገናኛል፤ የአገልግሎቱና የክፍያው ማስተላለፊያ ሲደመር ከሻጩ 8 በመቶ ገደማ ይወስዳል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በ8,500 ዶላር የገዛውን ቤዝ በ10,000 ቢሸጥ 1,500 ያተረፈ ይመስለዋል። ከዚህ ላይ 800 ዶላር ኮሚሽን፣ 250 ለማሸጊያ፣ ለመላኪያና ለኢንሹራንስ፣ 150 ደግሞ ለማስተካከያ ሲቀነስ የሚተርፈው 300 ዶላር ነው። ዕቃው አንድ ዓመት ተቀምጦ ከነበረ ትርፉ 3.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። ገዢው ተከራክሮ በ9,500 ቢወስደው ደግሞ ነጋዴው 160 ዶላር ይከስራል። ገንዘቡ የሚሠራው ሲሸጥ ሳይሆን ሲገዛ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚህም በላይ ገበያው ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ያሻቀበው የአሮጌ ጊታር ዋጋ ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ወደቀ። በኮቪድ ጊዜ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ እንደገና ተነሣ፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ቀዝቅዟል። የ1960ዎቹን ቤዝ በከፍተኛ ዋጋ የሚሰበስቡት አብዛኞቹ በወጣትነታቸው ያንን ሙዚቃ የሰሙ ሰዎች ናቸው። እነሱ መሸጥ ሲጀምሩ ልጆቻቸው ያንኑ ዋጋ ይከፍሉ እንደሆነ ማንም ዋስትና አይሰጥም።

ባለቤትነትና ድንበር

ሰር ፖል ማካርትኒ በ1961 በሐምቡርግ 30 ፓውንድ ገደማ አውጥተው የገዙት ሆፍነር ቤዝ በ1972 ለንደን ውስጥ ከቆመ መኪና ተሰረቀ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኝቶ መመለሱ በ2024 መጀመሪያ ይፋ ሆነ። የጃኮ ፓስቶሪየስ ቤዝም በ1986 ጠፍቶ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ብቅ ሲል በያዘው ሰውና በቤተሰቡ መካከል ክርክር አስነሥቷል፤ ጉዳዩ በ2010 የተቋጨው የሜታሊካው ሮበርት ትሩሂዮ ገንዘብ ከፍለው ነው። በአሜሪካ ሕግ ሌባ የሌለውን የባለቤትነት መብት ለገዢ ሊያስተላልፍ አይችልም። ገዢው በቅን ልቦና ሙሉ ዋጋ ከፍሎ እንኳ ዕቃውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የድሮ ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶግራፍ፣ ከመጀመሪያው ባለቤት የተጻፈ ደብዳቤ ራሳቸው ዋጋ አላቸው።

ዕቃውን ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ለሚያስብ ሰው ሁለት ነገሮች ይቀሩታል። አንደኛው እንጨቱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ብዙ ቤዞች ጣት በሚያርፍበት ሰሌዳ ላይ የሚገኘው የብራዚል ሮዝዉድ ከ1992 ጀምሮ በሳይቲስ ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። በ2017 ቁጥጥሩ ወደ ሌሎቹ የሮዝዉድ ዓይነቶች ሰፍቶ፣ በ2019 ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ሲወጡ የብራዚሉ አልተካተተም። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ፈቃድ የሌለው ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አሮጌ ባለ ቫልቭ አምፕ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የአዲስ አበባው መስመር 220 ነው። ኤስቪቲን ለመሰለ ማሽን የሚያስፈልገው መቀነሻ ትራንስፎርመር ከ1,000 ዋት በታች ባይሆን ይመረጣል፤ በሱቅ በብዛት የሚገኙት ትንንሾቹ አይችሉትም። በቀጥታ ተሰክቶ ፊውዙ ካላዳነው የሚቃጠለው የአምፑ የራሱ ትራንስፎርመር ነው፤ ከተለወጠ ዋጋ የሚያወርደው ያው ዕቃ ማለት ነው።