አንባቢ ከገጹ የሚሸሸው ለምንድን ነው?

«ሰው ማንበብ ትቷል» የሚለው እሮሮ በሙያችን ሰፈር ጥሩ ማመካኛ ሆኗል። ጽሑፉ ካልተነበበ ጥፋተኛው አንባቢው ነው፤ ካልሆነም ስልኩ፣ ቪዲዮው፣ ዘመኑ። እኔ ገጽ የማሰናዳ ሰው ነኝና ጥርጣሬዬ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል። በወረቀት የታተሙትም ሆኑ በስልክ የሚነበቡት ብዙ የአማርኛ ገጾች አንባቢያቸውን የሚያባርሩት ሐሳባቸው ከመመዘኑ በፊት በአቀማመጣቸው ነው። ፊደሉ ያንሳል፣ መስመሩ ይረዝማል፣ የላይኛው መስመር ከታችኛው ጋር ሊነካካ ይደርሳል፣ አንቀጽ ሳይከፈል ገጽ ያልቃል። ይህ የሚሆነው ዲዛይነሩ ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም። የምንሠራባቸው ፕሮግራሞች ገና ሲከፈቱ ይዘውት የሚመጡት ልክ ለላቲን ፊደል የተለካ ነው፤ እኛም ልኩን እንዳለ ተቀብለን የአማርኛውን ጽሑፍ እንሞላበታለን።

ይህን ልማድ ለመረዳት የመጣንበትን መንገድ ማስታወስ ይጠቅማል። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ንባቡን እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በእርሳስ ፊደልም፣ በጽሕፈት መኪናም፣ በኮምፒውተርም ፊደላችን ለሌላ ጽሕፈት የተሠራ መሣሪያ ላይ ቦታ ሲለምን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ፊደሉን እስኪያካትት ድረስ አንድ የአማርኛ ሰነድ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሲዛወር ያው ፎንት ከሌለ የላቲን ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ያን ዘመን ያየ ባለሙያ ፊደሉ በትክክል በመታየቱ ብቻ ረክቶ ቢቀመጥ አይፈረድበትም። ግን ፊደሉ መታየቱ አንድ ጉዳይ ነው፤ ለረጅም ንባብ መመቸቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛውን ሥራ ገና አልጀመርነውም ማለት ይቻላል።

የላቲኑንና የእኛን ጽሕፈት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። የላቲን ትንንሽ ፊደሎች ቁመታቸው አጭር ነው፤ ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዘረጋሉ። ስለዚህ በመስመሮች መካከል ማንም ሳያስብበት የሚገኝ ባዶ ቦታ አለ። የእኛ ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል መደብ የለውም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ቁመት ተሰልፎ መስመሩን ከላይ እስከ ታች ይሞላዋል። በዚህ ላይ ፊደልን ከፊደል የሚለየው ምልክት እጅግ ጥቃቅን ነው። ሣልሱ «ቢ» እና ኃምሱ «ቤ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ጫፍ ባለች ሰረዝና ቀለበት ብቻ ነው። ፊደሉ ሲያንስ ቀለበቷ ተደፍና ነጥብ ትሆናለች፤ አንባቢውም ፊደሉን ማየቱን ትቶ ከዙሪያው ካለው ቃል መገመት ይጀምራል። መገመት ይቻላል፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። ነገር ግን በአንድ ገጽ መቶ ጊዜ የገመተ ዓይን ይደክማል፣ የደከመውም ዓይን ስለ ምን እንደደከመ አያውቅም። «ጽሑፉ ከበደኝ» ብሎ ይተወዋል። ብራውዘሮች ለመደበኛ ጽሑፍ የሚሰጡት መነሻ 16 ፒክስል ነው፤ እኔ ለአማርኛ ከ18 ወይም ከ19 እነሳለሁ። የመስመሩንም ርቀት ለላቲን የተለመደውን የፊደሉን አንድ ተኩል ያህል ትቼ ወደ 1.7 እወስደዋለሁ።

የመስመር ርዝመት ግን ከዚህም የባሰ ነው። በላቲን ጽሕፈት አንድ መስመር ባዶ ቦታውን ጨምሮ ከ45 እስከ 75 ፊደል ይያዝ የሚለው ምክር የታወቀ ነው፤ የዘርፉ ሰዎች ሁሉ የሚጠቅሱት ሮበርት ብሪንግኸርስት 66ን እንደ ጥሩ ልክ ያነሳል። ይህን ቁጥር ወደ አማርኛ ማዛወር ስህተት ነው። የእኛ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ተሸክሟል፤ ስፋቱም ቀላል አይደለም። ስለዚህ 66 ፊደል የያዘ የአማርኛ መስመር በቃልም ይበዛል፣ በስፋትም ገጹን ያቋርጣል። ዓይን ከመስመሩ ጫፍ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው መጀመሪያ ሲመለስ ቦታው ይጠፋዋል፤ ያነበበውን ይደግማል ወይም አንድ መስመር ይዘላል። እኔ 40 ፊደል አካባቢ ላይ ማቆምን እመርጣለሁ፤ 50 ካለፈ ፊደሉን አተልቃለሁ ወይም ገጹን በሁለት ዓምድ እከፍላለሁ።

የብራና ጸሐፊዎች ይህን ሕግ ያለ ቁጥር ያውቁት ነበር። ወንጌሉ፣ ገድሉ፣ ተአምሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት፣ አንዳንዴም በሦስት ጠባብ ዓምዶች ተጽፎ እናገኘዋለን። ዳዊት ግን እንደ ልማዱ በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እዚያ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር አለውና። ስንኙ ቢረዝም ጸሐፊው የተረፈውን ወደ አዲስ መስመር ከማውረድ ይልቅ በዚያው መስመር ጫፍ ከላይ ወይም ከታች አስጠግቶ ያስገባዋል። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ ውዳሴ ማርያም ሲመጣ ገጹ እንደገና ሁለት ዓምድ ይሆናል። እዚህ ላይ ቅርጹን የወሰነው ጽሑፉ የሚነበብበት መንገድ ነው፤ ዳዊት በቃል የሚደገም፣ በስንኝ የሚተነፈስበት ነው። ሌላም ነገር አለ። ብራና ማለት ቆዳ ነው፤ ቆዳ ደግሞ የፍየል ወይም የበግ ነፍስ ነው። እንዲህ ውድ ሆኖ ሳለ ጸሐፊው ለኅዳጉ ሰፊ ቦታ ባዶውን ይተዋል። «ይህ ሁሉ ባዶ ቦታ ምን ይሠራል? ማስታወቂያ አስገባበት» ለሚል ደንበኛ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ሁለት ነጥብ ከቃላት መካከል ወጥቶ በባዶ ቦታ ሲተካም አብሮት የሄደ አንድ ነጻነት አለ። ሁለት ነጥቡ የቃሉን ማብቂያ ስለሚናገር ጸሐፊው መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን ከደረሰበት ቦታ ቆርጦ ቀሪውን ወደ ታች ያወርድ ነበር፤ ማገናኛ ሰረዝም አያሻውም። ዛሬ ቃል እንዲያ ቢቆረጥ ሁለት ቃል ስለሚመስል ሙሉውን ወደ ታች ማውረድ ግድ ነው። አማርኛ ደግሞ ተሳቢውንም፣ ባለቤቱንም፣ መስተዋድዱንም በግሱ ላይ የሚደራርብ ቋንቋ ነው፤ «እንደሚያስፈልጋቸውም» ብቻውን 12 ፊደል ነው። ከ25 እስከ 30 ፊደል በሚይዝ የስልክ መስመር ላይ እንዲህ ያለ ቃል ወደ ታች ሲወርድ የመስመሩ ግማሽ ሊጎድል ይችላል። ዲዛይነሩ በዚህ ላይ ግራና ቀኙን እኩል ካደረገው፣ ማለትም ጀስቲፋይ ካለው፣ ያ ጉድለት በቀሩት ሁለት ሦስት ቃላት መካከል ይከፋፈልና ጽሑፉ ወንፊት ይሆናል። የቀኙ ጠርዝ ወጣ ገባ ሲል «ያልተጨረሰ ሥራ ይመስላል» የሚሉ አሉ። ከሩቅ ለሚያየው እውነት ነው። ለሚያነበው ግን በቃላት መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆን ከጠርዙ መስተካከል ይበልጥበታል፤ ገጹንም የምንሠራው ለሚያነበው ነው።

ስለ ርዕስና ስለ ማጉያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፊደላችን ትልቁንም ዘመም ያለውንም ፊደል ከላቲን አልወሰደም፤ ኢታሊክ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የሚገኘው በማሽን የተገፋ ፊደል ነው። ቦልድም እንዲሁ፤ ፎንቱ የራሱ ወፍራም ዝርያ ከሌለው ፕሮግራሙ ያለውን ፊደል ያወፍረዋል፣ እነዚያ ቀለበቶችም ይደፈናሉ። በብራናው ይህን ሥራ የሚሠራው ቀይ ቀለም ነበር፤ ለመነሻና ለቅዱሳን ስም፣ በቁጠባ። ዛሬም ለርዕስ ይሠራል፤ ሙሉ አንቀጽ በቀይ መጻፍ ግን ጩኸት ነው።

ለገጽ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጸሐፊዎች በኩል ይመጣል፤ ጥሩ ጽሑፍ በምንም ገጽ ላይ ይነበባል ይላሉ። ያረጀ፣ ገጹ የተገነጠለ ልብ ወለድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያላየ የለም። እቀበላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የማይክሮሶፍቱ ኬቨን ላርሰንና የኤምአይቲዋ ሮዛሊንድ ፒካርድ ያወጡት ጥናት እንዲያውም ለእነሱ የሚያደላ ይመስላል፤ አንዱን ቡድን በጥንቃቄ በተሰናዳ፣ ሌላውን በተበላሸ ገጽ ለ20 ደቂቃ አስነብበው በፍጥነትም በመረዳትም ልዩነት አላገኙም። ስንት ደቂቃ እንዳነበቡ ሲጠየቁ ግን ሁለቱም ቡድኖች ከእውነተኛው አሳንሰው ገመቱ፤ በጥሩው ገጽ ያነበቡት ይበልጥ አሳነሱት። ጊዜው አጠረባቸው ማለት ነው። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች፣ በላቲን ፊደል የተደረገ ነውና ከሚችለው በላይ አላሸክመውም። ነገር ግን ጉዳዩን በትክክል ይለየዋል፤ የገጽ ዝግጅት ጽሑፉን አስተዋይ አያደርገውም፣ ንባቡን ግን ያቀልለዋል። ያ ልብ ወለድ ወዳጁ «አንብበው» ብሎ ለሰጠው ሰው ይነበባል። የማይታወቅ ጸሐፊ ግን አንባቢው እንዲታገሠው የሚያስገድድ ዝና የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሰው በስክሪን ላይ አያነብም፣ ይቃኛል የሚለው ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው የድረ ገጽ አጠቃቀምን የሚያጠናው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት ነው፤ የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ብዙዎቹ ከላይ ሁለት ጊዜ ወደ ጎን፣ ከዚያ በግራው ጠርዝ ወደ ታች እንደሚያዩ አሳየ። ከዚህ ተነሥተው አጭር ጻፉ፣ ሥዕል አብዙ የሚሉ መካሪዎች በዙ። ነገር ግን ያው የኒልሰን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ጉዳዩን ሲመለስበት እንዲህ ያለው አቃኘት የሚበዛው ንዑስ ርዕስ፣ ክፍፍልና መያዣ በሌለው ድፍን ጽሑፍ ላይ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ጥናቱ ሰው እንደማያነብ አያስረዳም፤ ያልተሰናዳ ገጽ ዓይንን እንዴት እንደሚያንሸራትት ነው የሚያስረዳው። ሥዕል ማብዛቱ ደግሞ ሜጋባይት በጥቅል ለሚገዛ አንባቢ ሌላ ዕዳ ነው፤ አንቀጽ አንድ ከመድረሱ በፊት ካርዱን የበላበትን ገጽ ሁለተኛ አይከፍተውም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ዛሬ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ የሚነበበው በቴሌግራም ነው፤ እዚያ ፎንቱን የሚመርጠው ስልኩ፣ መጠኑን የሚወስነው ባለስልኩ ነው፤ ለዲዛይነር ምን ቀረው? የቀረው አንቀጽና ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያም ቀላል አይደለም። በኮምፒውተር ስድስት መስመር የሆነ አንቀጽ በስልክ አሥራ አምስት ሊሆን ይችላል፤ ረቂቁን በሚጻፍበት ስክሪን ሳይሆን በሚነበብበት ማየት ያስፈልጋል፣ በተለይ በርካሽ ስልክ፣ ፀሐይ ላይ። ከዚህ በላይ ግን የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በሰፊ ገጽ ላይ ዓይን ግሱን ከሩቅ ያየዋል፤ በስልክ ግን ስምንት መስመር ወርዶ ከስክሪኑ ውጭ ሊቆየው ይችላል፣ አንባቢውም ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ስሙንም፣ ቦታውንም፣ ምክንያቱንም በጭንቅላቱ ተሸክሞ ይወርዳል። ይህን ፎንትም ኅዳግም አያድነውም፤ መቁረጥ ያለበት ዓረፍተ ነገሩ ነው። ከአምስት የስልክ መስመር ያለፈውን ለአዘጋጁ እመልሰዋለሁ፤ አዘጋጆች ደግሞ ይህን ከዲዛይነር አፍ መስማት አይወዱም።